ሻንጣ ውስጥ የምትገባ አየር ማርጠቢያ አሠራር

በጋው ሲገባ ደጋ አገር ላይ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ልጆችን ሌሊት ይነስራቸዋል፣ አዋቂውም ጉሮሮው ደርቆ ያድራል። ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ቤት ደግሞ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አየሩ ከኛም ብሶ ይደርቃል። ሂዩሚዲፋየር የሚባለውን አየር ማርጠቢያ ከሱቅ ገዝቶ መገላገል ይቻላል። ሆኖም ትንንሾቹና ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ አፋቸው ጠባብ ስለሆነ ውስጣቸው በወግ አይታጠብም፤ አንድ ነገር ሲበላሽባቸውም ተፈትተው አይጠገኑም። ራሳችሁ ብትሠሩ ሁለቱንም ታስቀራላችሁ። ሥራው የግማሽ ቀን ነው። አንድ ደረጃ ላይ ግን ሰው ሁሉ ይሰናከላል፤ እሱ ጋ ስንደርስ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፣ ሌላውን በሩጫ እናልፈዋለን።

በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ውኃ ስንት እንደሆነ እንወቅ፤ የዕቃውም የባትሪውም መጠን ከዚህ ይወጣልና። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ገደማ እንፋሎት ይይዛል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት 30 ሜትር ኩብ ነው። የዚህን ክፍል እርጥበት ከ30 በመቶ ወደ 45 በመቶ ለማድረስ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይበቃል፤ ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። ይህ ግን አየሩ ባለበት ቢቆይ ነው። በበርና በመስኮት ስንጥቅ በኩል በየሰዓቱ የክፍሉ ግማሽ አየር ቢለወጥ፣ የደረሳችሁበትን ላለመልቀቅ ብቻ በሰዓት 40 ሚሊ ሊትር መጨመር ይኖርባችኋል። ስለዚህ ይህች ዕቃ የመኝታ ቤትና የሆቴል ክፍል ናት። ሳሎን አረጥባለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

ውኃ አፍልቶ ማትነን ለመንገድ አይሆንም። 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በአንድ ሰዓት ለማትነን 70 ዋት ያህል ይጠይቃል፤ ተራ የስልክ ቻርጀር የሚሰጠው 5 ወይም 10 ዋት ነው። ልጅ ባለበት ቤት የፈላ ውኃ አልጋ ራስጌ ማስቀመጥም ሌላ ጣጣ ያመጣል። እኛ የምንጠቀመው ፒዞ ዲስክ የሚባለውን ነው፦ ዙሪያው የሸክላ ቀለበት፣ መሐሉ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተበሳ ስስ የብረት ወንፊት። ኮረንት ሲያገኝ በሰከንድ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ይንቀጠቀጥና ከሥሩ የነካውን ውኃ ጉም አድርጎ ይረጨዋል። ጉሙን ወደ እንፋሎት የሚለውጠው የክፍሉ ሙቀት ስለሆነ ከቻርጀሩ የሚፈለገው 2 ዋት ገደማ ብቻ ነው።

ስትገዙ 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን፣ በ5 ቮልት የሚሠራውን፣ ሽቦው ተበይዶ ከሚያንቀጠቅጠው ቦርድና ከሲሊኮን ቀለበቱ ጋር የሚሸጠውን ምረጡ። ዲስክና ቦርድ ለየብቻ አትግዙ፤ ፍሪኩዌንሲያቸው ካልተጣጣመ ጉሙ ይሰንፋል ወይም ጭራሽ አይወጣም። ሽቦውንም ራሴ እበይዳለሁ አትበሉ፤ ሙቀቱ ትንሽ ከቆየ በሸክላው ላይ የተቀባው የብር ንጣፍ ተልጦ ይነሳል። በ24 ቮልት ውኃ ውስጥ ተጠልቆ የሚሠራ፣ ወንፊት የሌለው ሌላ ዓይነት ዲስክም ገበያ ላይ አለ፤ እሱ ለኛ አይሆንም። ከተበላሸ የዩኤስቢ ማርጠቢያ ፈታችሁ ብታወጡት ደግሞ በነፃ አገኛችሁት ማለት ነው።

ለውኃ መያዣ ብዙ ሰው የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ የሚጠመዘዝ ክዳን ይወዳል። እኔ አልወደውም። እጅ የማይገባበት ዕቃ አይታጠብም፣ ያልታጠበ ዕቃ ውስጥ የቆየ ውኃ ደግሞ ወደ ሳንባ የሚገባ ነው። ከዚህም ሌላ ረጅም ጠርሙስ ውስጥ ውኃው ሲጎድል ወደ ዲስኩ የሚያደርሰው ፈትል ሽቅብ የሚስብበት መንገድ እየረዘመ ጉሙ እየደከመ ይሄዳል። ቁመቱም አፉም 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጉ፤ የለውዝ ቅቤ ወይም የማር ዕቃ ይሆናል። 400 ሚሊ ሊትር ያህል ከያዘ አንድ ዲስክ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲረጭ ሌሊቱን ያነጋል። ለዚሁ ዕቃ ሁለት ክዳን አዘጋጁ፤ አንዱ ባለ አንድ ዲስክ ለመንገድ፣ ሌላው ባለ ሁለት ዲስክ ለቤት። ከላይ ያልነውን 40 ሚሊ ሊትር የሚያልፈው ባለ ሁለቱ ነው።

ፈትሉ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጥጥ ዘንግ ነው፤ ኩራዝ በክሩ ጋዝ እንደሚስብ ውኃውን ስቦ ወደ ዲስኩ ያደርሳል። ማቀፊያው የ3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቱቦ ነው፤ ፈትሉን ልክ ይይዘዋል። መግፊያውን አውጥታችሁ ጣሉ፣ ቱቦው ጎን ላይ አምስት ስድስት ቀዳዳ ብሱ፣ የስክሪብቶ ሞላ ወደ ውስጥ ጣሉበትና ፈትሉን ከላይ አስገቡ። ክዳኑ መሐል ላይ ለቱቦው የሚበቃ ቀዳዳ አውጡ፤ የሲሪንጁ የጣት መያዣ ከላይ ስለሚያግደው ቱቦው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ትርፉን ዙሪያውን ከርክሙት። ከጎኑ በመርፌ አንዲት የአየር ቀዳዳ ብሱ። ይህችን ቀዳዳ ናቅ አድርጎ የሚተው አለ፤ ውኃው ሲጎድል በቦታው አየር ካልገባ ግን ዕቃው ውስጥ ቫኪዩም ይፈጠርና ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉሙ ይቆማል፣ ሰውየውም ዲስኩ ተቃጠለ ብሎ ሌላ ሊገዛ ይሄዳል።

አሁን መሰናክሉ ጋ ደረስን፦ የዲስኩ አቀማመጥ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

ዲስኩ እንዲንቀጠቀጥ ነፃ መሆን አለበት። ሰው ግን ውኃ እንዳያፈስ ብሎ ማጥበቅ ይወዳል። አታጥብቁት። ሙጫ፣ በተለይ በሙቀት የሚቀልጠው ሙጫ፣ የሸክላውን ቀለበት ከነካ ዲስኩ ታሰረ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቮልቴጅ ብትቀይሩ፣ ቦርድ ብትቀይሩ ጉም አታገኙም። ዲስኩን የሚነካው ለስላሳው የሲሊኮን ቀለበት ብቻ ይሁን። ቀለበቱን ክዳኑ ላይ አስቀምጡ፣ ከላዩ መሐሉ 12 ሚሊ ሜትር የተበሳ የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ድፉበት፣ ቆርኪውን በሁለት ትንንሽ ቡሎን ያዙት። ቡሎኖቹን ቀለበቱ መጨመቅ እስኪጀምር ድረስ አዙሩና አቁሙ። ዲስኩን ጠርዙ ላይ በጣት ጫፍ ገፋ ስታደርጉት ትንሽ ካልተንቀሳቀሰ ጠብቋል፤ ቡሎኖቹን ግማሽ ዙር መልሷቸው።

ቀጥሎ ገጹን እዩ። ወንፊቱ ዝርግ አይደለም፤ ባንድ በኩል በጣም ጥቂት አበጥ ብሏል። ያበጠው ወደ ላይ፣ ወደ አየሩ፤ የጎደጎደው ወደ ታች፣ ወደ ፈትሉ። በዓይን ካልለያችሁት ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ነጸብራቁን ተከተሉ። የተገለበጠ ዲስክ ጭራሽ አይሞትም፣ ደከም ያለ ጉም ይሰጣል፤ ክፋቱም ይኸው ነው፣ ጥፋቱ ቦርዱ ላይ ይመስላችኋልና። ወንፊቱን በመርፌ፣ በቢላ ጫፍ፣ በጥፍር አትንኩት።

ከዚያ የፈትሉ ጫፍ። ዲስኩን መንካት አለበት፣ መግፋት ግን የለበትም። ካልነካ ውኃ አይደርስም፤ ከገፋ ወንፊቱን ያንቀዋል። የስክሪብቶውን ሞላ ያስገባነው ለዚህ ነው፤ እሱም ከጠነከረባችሁ ጥቂት ዙር ቁረጡለት። ፈትሉን ለመለካት የምትቸኩሉ ሁሉ እዚህ ላይ ስሙኝ፦ ደረቁን ለክታችሁ አትቁረጡ። ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ርዝመቱም ይለወጣል፤ ደረቅ ሆኖ ልክ የነበረው ሲርስ ዲስኩን ሽቅብ ይገፋዋል። ሃያ ደቂቃ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ከክዳኑ በላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እንዲወጣ በአዲስ ምላጭ ቁረጡት። ጫፉ ዝርግ ይሁን፤ በመቀስ የተቆረጠ ይበተናል፣ ክሩም ወንፊቱ ላይ ይጣበቃል።

ኮረንት የምትሰጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፈትሉ ሳይርስ «እስቲ ልሞክረው» ብላችሁ አታብሩት፤ ውኃ ያልነካው ዲስክ በቶሎ ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ጉሙ ጀምሮ ወዲያው ከቆመ ወንፊቱ ላይ የውኃ ጠብታ ቆሞ ይሆናል፤ በጨርቅ ጫፍ መጥጡት። ከጠብታው በኋላም እንቢ ካለ ቡሎኖቹን አላሉ፣ ቀጥሎ ሞላውን አሳጥሩ። ቦርዱን የምትጠረጥሩት በመጨረሻ ይሁን።

ቦርዱን ከዕቃው ሥር አታስቀምጡ፤ ውኃ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። ጎኑ ላይ በትንሽ ሳጥን ለጥፉት፣ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ሽቦም ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ እንዲነሳ አድርጉ፤ በሽቦው የሚሮጥ ጠብታ እዚያው ይንጠባጠባል። እኔ ቦርዱን ከአዝራሩና ከመሰኪያው በቀር ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ሁለቴ እቀባዋለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ከእርጥበትም ይጠብቃል። ሳጥኑን በሲሊኮን የምትዘጉ ከሆነ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳቡን ይበላዋል።

ውኃውን በሚመለከት፦ ይህ ዲስክ ውኃው ውስጥ ያለውን ሁሉ አብሮ ይበትናል። ጠጣር የበዛበት ውኃ ከሞላችሁ ጠዋት ጥቁር ጠረጴዛ ላይ ነጭ ብናኝ ታያላችሁ፤ ያንኑ ስትተነፍሱት አድራችኋል። የቤታችሁን ውኃ ለማወቅ የሻይ ማፍያውን ውስጥ እዩ፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድም ጨውም ስለሚበዛው ጨርሶ አትሞክሩት። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ጨውን አያስወጣም። የተጣራ ዲስቲልድ ውኃ ከሁሉ ይሻላል። ጋራዥ የሚገኘውን የባትሪ ውኃ ግን ተዉት፤ በምን ዕቃ እንደተቀዳ አይታወቅም፣ አሲድ የነካውም ሊሆን ይችላል።

ውኃው ላይ ምንም አትጨምሩ። የባሕር ዛፍ ዘይት ጠብ ለማድረግ እጃችሁ እንደሚያሳክክ አውቃለሁ፤ ቅጠሉን አፍልቶ መታጠን ያደግንበት ነው። ዘይቱ ግን ፈትሉን ይደፍናል፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል፣ የትንሽ ልጅና የአስም በሽተኛ ሳንባ ደግሞ ይቆጣል። በረኪናና ሌላ ማንኛውም ጀርም ገዳይ ከዚህ ይብሳል። በደቡብ ኮሪያ ማርጠቢያ ውስጥ ከውኃው ጋር የሚጨመር መድኃኒት ለዓመታት ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነፍስ የሚያጠፋ የሳንባ ሕመም እንደሚያመጣ ታውቆ ታገደ። መጀመሪያ ከተለዩት ታማሚዎች መካከል ነፍሰ ጡሮችና በቅርብ የወለዱ እናቶች ነበሩ። ስለዚህ ንጽሕናው በማጠብ ይምጣ፤ በየጠዋቱ የተረፈውን ድፉ፣ ዕቃውን ፈትጋችሁ ክፍቱን አድርቁ፣ በሳምንት አንዴ አቼቶና ውኃ እኩል በእኩል አድርጋችሁ ዘፍዝፉና በደንብ አለቅልቁ። ፈትሉ ቢጫ ሲሆን ወይም ሲሸት አትጠቡት፣ ቀይሩት።

የእርጥበት መለኪያ ግዙ፤ ርካሽ ነው፣ የሚዋሽም ሞልቷል። እውነተኛነቱን በጨው ታውቃላችሁ፦ የገበታ ጨው በአንድ ቆርኪ አድርጉ፣ እንደ ጭቃ እስኪሆን ብቻ ውኃ ጠብ አድርጉበት፣ ከመለኪያው ጋር ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 70 ካለ ሁልጊዜ 5 ጨምሩ። ከ40 እስከ 50 በመቶ ሲደርስ አጥፉት፤ 60 ካለፈ ሻጋታ ይመጣል፣ መስኮቱ ሲያልበው ካያችሁም በዝቷል። ዕቃውን ከግድግዳና ከቴሌቪዥን አርቃችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አኑሩት፤ ጉሙ ቀዝቃዛ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፣ መሬት ላይ ካስቀመጣችሁት ወለሉን ብቻ ያረጥባል።

ለመንገድ ስትነሱ ውኃውን ድፉ፣ ፈትሉን ጭመቁ፣ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ዝጉ። ይህ ለአውሮፕላን ብቻ አይደለም። ከድሬዳዋ ወይም ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ በመኪና ስትወጡ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ትነሳላችሁ፤ ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ተጋድሞ የአየር ቀዳዳዋ ውኃ ሥር ከዋለች፣ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ዕቃው ውስጥ የታመቀው አየር ተለጥጦ ውኃውን በፈትሉ በኩል ወደ ልብሳችሁ ይገፋዋል። ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ ከአውሮፕላኑ ሆድ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚባለው 37 ዋት ሰዓት ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶ ባለ አንድ ዲስኩን ከ12 ሰዓት በላይ ያሠራል። ኮረንቱ ሲያንስበት ራሱን የሚያጠፋ ፓወር ባንክ ስላለ ቤት እያላችሁ አንድ ሌሊት አሠርታችሁ ፈትኑት። አሜሪካ ብትሄዱ የ120 ቮልቱ ጉዳይ አያሳስባችሁም፤ ለዕቃው የሚደርሰው ያው የዩኤስቢው 5 ቮልት ነው። ልክ የተቆረጡ ሁለት ፈትሎችና አንድ ትርፍ ዲስክ በትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ ዕቃው ውስጥ ክተቱ፤ ዲስኩን በጥጥ ጠቅልሉት።