ፔሮል ላይ ከመፈረማችን በፊት

ሰሞኑን ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ አንድ ሻይ ቤት ከወዳጄ ጋር ተቀምጠን ነበር። ወዳጄ በአንድ የግል ድርጅት ንብረት ክፍል የሚሠራ፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ደመወዙ ከ6,800 ብር ወደ 7,400 ብር ከፍ እንደሚልለት ተነግሮታል። እኔም «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ደስ ያለህ» ብለው ፊቱ አልፈታ አለ። «ጭማሪው ይቅርብኝ ልላቸው ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ7,000 ብር በላይ ያለ ደመወዝ 25 በመቶ ግብር እንደሚከፍል ሰምቷል። የ7,400 ብር ሩብ 1,850 ብር ነው። ጡረታ 518 ብር ሲነሳለት የሚተርፈው 5,032 ብር ይሆናል። አሁን በየወሩ እጁ የሚገባው ደግሞ 5,464 ብር ነው። ታዲያ ጭማሪ የተባለው ከኪሱ 432 ብር ሊወስድበት ነው ማለት ነው! የሥራ ባልደረቦቹም ይህንኑ አረጋግጠውለታል።

ስሌቱ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የተማሩ ሰዎች ጭምር ሲናገሩት ሰምቻለሁ።

የመቀጠር ገቢ ግብር የሚሰላው በገቢ ግብር አዋጅ ሠንጠረዥ «ሀ» መሠረት ነው። ሠንጠረዡ የ2008ቱን አዋጅ ቁጥር 979 ባሻሻለውና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም ባጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1395 ተለውጧል። በአዲሱ ሠንጠረዥ የወር ገቢ እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት «ያለው» የምትለዋ ቃል ናት። እያንዳንዱ መቶኛ የሚያርፈው በዚያ ደረጃ ውስጥ ባለው ብር ላይ ብቻ እንጂ በጠቅላላው ደመወዝ ላይ አይደለም።

የወዳጄን 7,400 ብር እንዘርዝረው። የመጀመሪያው 2,000 ምንም አይከፍልም። ሁለተኛው 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር ይከፍላል። ቀጣዩ 3,000 በ20 በመቶ 600 ብር። 25 በመቶ የተባለው የሚያገኛት የቀረችውን 400 ብር ብቻ ሲሆን እርሷም 100 ብር ትከፍላለች። ድምሩ 1,000 ብር ነው። ቀድሞ የሚከፍለው 860 ብር ነበር። ጡረታውን ጨምረን ስናሰላው ከጭማሪው 600 ብር ውስጥ 418 ብር ንጹሕ እጁ ይገባል።

የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ሁሉ አይዘረዝሩም፤ አቋራጭ አላቸው። ደመወዙን በደረጃው መቶኛ ያበዙትና የተወሰነ ቁጥር ይቀንሱለታል። ይኸውም ለ15 በመቶ 300፣ ለ20 በመቶ 500፣ ለ25 በመቶ 850፣ ለ30 በመቶ 1,350፣ ለ35 በመቶ 2,050 ብር ነው። የ7,400 ብር ሩብ 1,850፣ ሲቀነስ 850፣ ያው 1,000 ይመጣል። አንባቢያን ይህን በየቤታችሁ በወረቀት ሞክሩት። ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ ግብሩ የሚሰላው 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ከመነሳቱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው። የቤት አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከደመወዙ ጋር ተደምረው ግብር ይከፈልባቸዋል። የትራንስፖርት አበል ግን በመመሪያ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ነፃ ነው።

ስለ አዲሱ ሠንጠረዥ የራሴን አስተያየት ልጨምር። የ2008ቱ ሠንጠረዥ ዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ቆይቶ ነበር። ገበያው እየናረ ደመወዝ በስሙ ብቻ ከፍ ሲል፣ ሠራተኛው ኑሮው ሳይሻሻል ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተገፋ ብዙ ግብር ከፍሏል። ማሻሻያው ከግብር ነፃ የሆነውን ከ600 ወደ 2,000 ብር፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ማሳደጉ መልካም ነው። ሆኖም 35 በመቶ የሚጀምርበትን ከ10,900 ወደ 14,000 ብቻ ነው ያነሣው፤ ጭማሪው ሲሶ እንኳ አይሞላም። በዚህም ምክንያት 14,000ም ሆነ 40,000 ብር የሚያገኝ ሰው የቀለለለት እኩል 550 ብር ነው። (ግብር ከዘካ ይታሰባል ወይ የሚለውን ለዑለማዎቻችን እንተወው፤ በየወሩ የሚጠይቁኝ ስላልጠፉ ነው ያነሣሁት።)

ከስሌቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሁለት መዝገብ የመያዝ ልማድ ነው። ሠራተኛው በ7,000 ብር ይቀጠራል፤ ፔሮሉ ላይ 3,000 ብር ተጽፎ ይፈርማል፤ 4,000ው በእጁ ይሰጠዋል። ግብሩ ከ900 ወደ 150 ብር፣ የጡረታ መዋጮው ከ490 ወደ 210 ብር ይወርዳል። በየወሩ 1,030 ብር ተረፈኝ ብሎ ደስ ይለዋል። አሠሪው ግን በሠራተኛው ስም ማስገባት ከነበረበት 11 በመቶ ከተደበቀው ብር ላይ ብቻ 440 ብር አስቀርቷል። ያ ሠራተኛ በጡረታ መዝገብ የሚታወቀው የ3,000 ብር ሰው ሆኖ ነው፤ አበሉም በዚያው ልክ ይሰፈርለታል። ከሥራ ቢሰናበት ወይም በሥራ ላይ ቢጎዳ፣ ልደታ ፍርድ ቤት ሄዶ «ደመወዜ 7,000 ነው» ሲል የገዛ ፊርማው ተቃራኒውን ይመሰክርበታል። ሐቁን ለመናገር፣ ግብሩን የሰወሩት ሁለቱም ናቸው፤ ዕዳው የሚመጣው ግን በአንደኛው እርጅና ላይ ነው።

ከግብርና ከጡረታ ሌላ የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት፣ የብድር ማኅበር ተመላሽ፣ በፍርድ ቤት የታዘዘ ቀለብ ሊቀነስ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ግን ደመወዝ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ካልሆነ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ ኪሱ ገብቶ ያለፈውን ወር ወረቀት አወጣና አንዲት መስመር አሳየኝ። «ልዩ ልዩ፣ 150» ትላለች። ምን እንደሆነች አያውቅም፤ ጠይቆም አያውቅም። «እስካሁን ዝም ብዬ እየፈረምኩ ተቀብያለሁ፤ አሁን ምን እላለሁ?» አለኝ።

መልሱ እዚያው አዋጅ ላይ፣ አንቀጽ 60 ሥር አለ። አሠሪው ጠቅላላውን ክፍያ፣ የተቀነሰውን በዓይነቱና በልኩ፣ የተጣራውንም የሚያሳይ መዝገብ መያዝ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም ማሳየትና ማስረዳት ግዴታው ነው። ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ ያለውን ሳይቃወም መቀበሉም ቀሪ መብቱን እንደ መተው አይቆጠርበትም። ወዳጄ ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ክፍል እንደሚገባ ነገረኝ።