ጌጥ ነው ወይስ ምሰሶ? የድብልቅ ባንድ አደማመጥ

ሐምሌና ነሐሴ በአገር ቤት ክረምት ነው፤ በሐዴራ ግን ዝናብ የማይታሰብበት የሙቀት ወቅት ነው። በእስራኤል ከተሞች ነፃ የአደባባይ ኮንሰርት የሚበዛውም በእነዚህ ወራት ነው። መግቢያው ያለ ክፍያ ስለሆነ አያት፣ ወላጅና ልጅ አብረው ይወጣሉ። ብዙ ቤተሰቦቻችን በሚኖሩባት በሐዴራ ዕብራይስጥና አማርኛ የሚቀላቅል ባንድ ሲጫወት፣ ሦስቱ ትውልድ አንድ ዘፈን ይሰማሉ፤ የሚያገኙት ግን የተለያየ ነው። በዚህ ትምህርት እንዲህ ያለውን ባንድ እንዴት እንደምናዳምጥ እንመለከታለን።

ሁለት መንገዶች

የክፋር ሳባው ተወላጅ ኢዳን ራይኬል የኢትዮጵያን ሙዚቃ ያወቀው የስደተኛ ልጆች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ አማርኛ በዕብራይስጥ ዘፈን ውስጥ ገባ። በሱዳን የስደተኞች ካምፕ የተወለደችው ካብራ ካሳይም ከቡድኑ ድምፃውያን አንዷ ሆነች። አማርኛ ከቤት ውጭ ሲነገር ብዙም ለማይሰሙ ልጆቻችን፣ ቋንቋቸውን በሬዲዮ መስማት ትልቅ ነገር ነበር።

በ2006 በቴል አቪቭ የተመሠረተው ዝቩሉን ዳብ ሲስተም ሌላ መንገድ ያዘ። በ2014 በወጣው «አንበሳ ዳብ» አልበሙ ላይ የቆዩ የኢትዮጵያ ዘፈኖችን በሬጌ ተጫወተ፤ ዘፋኙም ጊሊ ያሎ ነበር። እዚህ መነሻው የእኛው ዘፈን ነው።

ምን እናዳምጥ?

ቅኝት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ጊታርና ኪቦርድ ግን ሌሎች ድምፆችንም ያወጣሉ፤ አጃቢው ከቅኝቱ ውጭ ያለውን እንደልቡ ከጨመረ ዜማው ጠባዩን ያጣል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ሲያዋህድ የተጠነቀቀው ለዚህ ነው።

ምት። ችክችካ በስድስት ይቆጠራል፤ ሬጌና ሮክ አብዛኛውን ጊዜ በአራት። ከበሮው የትኛውን እንደያዘ በእጃችሁ እየመታችሁ ቁጠሩ። ስድስቱ ሲመጣ የእናቶች ትከሻ ቀድሞ ይነግራችኋል።

ቃል። በሰምና ወርቅ የተገጠመ ስንኝ ላይ ልጅ ዜማውን ይይዛል፤ ወርቁን የሚያውቁት ግን ብዙውን ጊዜ አያት ናቸው። ኮንሰርቱ ሲያልቅ «ምን ማለቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

መለኪያው

የኢትዮጵያው ድምፅ ከዘፈኑ ቢወጣ ምን ይቀራል ብላችሁ አስቡ። ዘፈኑ ምንም ሳይጎድለው ከቀጠለ፣ ያ ድምፅ ጌጥ ነበር፤ ዘፈኑ ከፈረሰ ምሰሶ ነበር። ጌጥ መሆን ነውር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ሁልጊዜ ጌጥ ሆኖ መቅረት ግን ሌላ ነው። ይህን ጥያቄ ከሙዚቃ ውጭም እናውቀዋለን፦ በዩኒቨርሲቲም ሆነ በሥራ ቦታ የምንጠራው ለማድመቅ ነው ወይስ አብረን ለመሥራት?

ለውይይት

1. የምትወዱትን አንድ ድብልቅ ዘፈን ምረጡ። ቅኝቱን፣ ምቱንና ቃሉን የያዘው ማን ነው?
2. ዘፈኑን ከወላጅ ወይም ከአያት ጋር አዳምጡ። እናንተ ያልሰማችሁትን ምን ሰሙ?
3. በከተማችሁ መድረክ ፕሮግራም የምታወጡት እናንተ ብትሆኑ፣ የእኛን ሙዚቃ የት ላይ ታስገቡት ነበር?