ሕፃኑ በመቀመጫው ሲመጣ፦ ሦስቱ ዓይነቶች



«ልጁ አልዞረም ተባልኩ፤ የሚያዞረው መድኃኒት ይኖር ይሆን?» ብለው ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጡ እናቶች አሉ። ሕፃን የሚያዞር ክኒንም ሆነ መርፌ የለም። ማወቅ የሚጠቅመው የአቀማመጡን ዓይነት ነው፤ አደጋው እንደ ዓይነቱ ይለያያልና።

በ28ኛው ሳምንት ገደማ ከ4 ወይም ከ5 ሕፃናት የአንዱ መቀመጫ ወደ ታች ነው። አብዛኞቹ በራሳቸው ዞረው፣ የመውለጃው ቀን ሲደርስ ከ100 ውስጥ 3 ወይም 4 ያህሉ ይቀራሉ። መንታ እርግዝና፣ የእንሽርት ውሃ መብዛት ወይም ማነስ፣ የእንግዴ ልጅ ከታች መቀመጥና የማህፀን ዕጢ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ አይታወቅም። የእናቲቱም ጥፋት አይደለም።

ዓይነቶቹ፦

1. እግሩን ወደ ላይ የዘረጋ፦ መቀመጫው ከታች ሆኖ እግሮቹ ወደ ፊቱ ተዘርግተዋል። በብዛት የሚታየው ይህ ነው።

2. እግሩን ያጣጠፈ፦ ሎህ ፊት እንደተቀመጠ ደረሳ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል።

3. እግሩን ያስቀደመ፦ አንድ ወይም ሁለት እግሩ ከመቀመጫው ቀድሞ ይወርዳል። ከሁሉም አስጊው ይህ ነው፤ እግር የማህፀኑን በር ስለማይሞላ እትብት ቀድሞ ሊወጣና ሊታፈን ይችላል።

በሦስቱም ትልቁ የአካል ክፍል፣ ጭንቅላት፣ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ገላው ወጥቶ ጭንቅላቱ ከተያዘ ሕፃኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሊታፈን ይችላል።

ምን እናድርግ?

• በ36ኛው ሳምንት ክትትል «ልጁ በምን በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በአልትራሳውንድ ይረጋገጣል። ሐኪም በሆድ ላይ በእጁ ሊያዞረው ይሞክር ይሆናል፤ ከሁለት ሙከራ አንዱ ያህል ይሳካል። ቤት ውስጥ ሆድ ማሳሸት ግን የእንግዴ ልጁን ሊያላቅቅ ስለሚችል አይሞከር።

• ወሊዱ ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ሆስፒታል ይሁን፤ ለምሳሌ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል። ከጎማም ሆነ ከሊሙ ገጠር የሚመጡ እናቶች ምጥ ሳይጀምራቸው ወደ ከተማ ይቅረቡ። ባሎች ሆይ፣ የቡና ለቀማው ቢደርስም መኪናውንና ገንዘቡን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

• እንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጥ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሂዱ። እትብት ከታየ አትንኩት፤ እናቲቱ ተንበርክካ ደረቷን ዝቅ፣ ዳሌዋን ከፍ አድርጋ ትቆይ፤ አምቡላንስም ይጠራ። የወጣ እግር በፍጹም አይጎተት።

አላህ እናቶቻችንን በሰላም ይገላግልልን።