ቋጥረሽ ከመጣልሽ በፊት

ቆይ ቆይ፣ ያንን ፌስታል አትቋጥሪው! እስቲ ክፈቺውና ውስጡን እዪ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ሁለት ሃይላንድ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ከሥር ደግሞ የልጅሽ ያለቀ ደብተር። ደብተሩ ጠዋት ገዢ የሚያገኝ ወረቀት ነበር፤ አሁን አተላውን ጠጥቶ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስሚኝ እህቴ፣ አብዛኛው ዕቃ ቆሻሻ የሚሆነው ሲቀላቀል ነው።

ለእርጥቡ አንድ ባልዲ፣ ለደረቁ አንድ ጆንያ ይበቃሻል፤ ሌላ ወጪ አያስፈልገውም። ልጣጩንና አተላውን ወደ ባልዲው። ጓሮ ስላለሽ ጉድጓድ ቆፍረሽ ከደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቅሽ ብትቀብሪው ለጎመንሽ ብስባሽ ይሆንልሻል። ሥጋና ወጥ ግን እዚያ አትጨምሪ፣ አይጥ ትጠሪያለሽ።

የሃይላንዱን እንጥፍጣፊ አፍስሺና ረግጠሽ ጨፍልቂው፤ ከዚያ ክዳኑን መልሺበት። አየር እንደያዘ ከከተትሽው ጆንያው ወዲያው ይሞላብሻል። ጣሳውንና የዘይት ጀሪካኑን ደግሞ በንጹህ ውኃ አትጠቢ፤ ውኃ በፈረቃ እየመጣልን! ሳህን ያለቀለቅሽበትን ጨምረሽ ናጥ ናጥ አድርጊና ድፊው። ሶፍት፣ ዳይፐርና ቅባት የጠጣ ካርቶን ደረቅ መስለው እንዳያታልሉሽ፣ ጆንያው ውስጥ ከገቡ ሌላውንም ያበላሹብሻል። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ተመላሽ ስለሆነ ወደ ሱቁ ውሰጂው፤ ፋብሪካው አጥቦ ይሞላበታል።

ስባሪ ብርጭቆ ፌስታል ውስጥ ጣል አይደረግም። በጋዜጣ ጠቅልለሽ ካርቶን ውስጥ እሰሪና ለብቻው ስትሰጪ «ስባሪ አለበት» በያቸው። ከቤት ቤት እየዞሩ የሚሰበስቡት ልጆች የሚያነሡት በእጃቸው ነው። ምላጭና መርፌም ክዳን ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይግባ። ከነሱ በኋላም የሚነካው ሰው አለ፤ ለዓመታት የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረው ረጲ ላይ፣ ቆሼ የምንለው ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ገድሏል። እዚያ ከኛ ጥራጊ ፕላስቲክና ብረት እየለቀመ የሚያድር ሰው ነበር። አንቺ በአንድ ደቂቃ ያልለየሽውን ሌላ ሰው በባዶ እጁ ይለየዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «ይጠቅመኛል» ብለሽ የምታስቀሪው ነው። ያ መታጠቢያ ቤት ያለው ሃይላንድ በረኪና አይደል የያዘው? ዛሬውኑ አውጪው! ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚታየው ውኃ ነው። በረኪና በራሱ ዕቃ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካንም ምንም ያህል ቢታጠብ ውኃ አይቀዳበትም።

ከሰል ሲያስቸግርሽ ፌስታል ለኩሰሽ ማያያዙንም ተዪው። ጭሱ መርዝ ነው፤ አንቺም ትስቢዋለሽ፣ ምድጃው ሥር የሚጫወተውም ልጅ ይስበዋል። የባትሪ ድንጋይም እሳት ውስጥ አይጣልም፣ ይፈነዳል። ጓሮም አትቅበሪው። ያበጠ የሞባይል ባትሪ ከሆነ ደግሞ አትውጊው፣ አትጫኚው፤ እሳት ያስነሣል።

ቆራሌው ሲጣራ ጆንያሽን ይዘሽ ውጪ። ከሱ እጅ ያለፈው ቆርቆሮ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ እየተቀጠቀጠ ከሰል ምድጃ ሆኖ ይመለሳል። ከመስጠትሽ በፊት ግን ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አድርጊ፤ የባንክ ቁጥርሽና ስምሽ ያለበትን ቀድደሽ ለዪ። ዋጋም ተከራከሪ፣ ንጹህና የተለየ ዕቃ ይዞ መለማመጥ የለም።

በይ አሁን ጆንያውን ከማድ ቤቱ በር ኋላ ስቀዪው። በረንዳ ላይ ካስቀመጥሽው ማንም እዚያ ድረስ አይሄድልሽም። ለባልሽም ለሠራተኛሽም አሳዪያቸው፤ አንቺ ለይተሽ እነሱ ከቀላቀሉት ድካምሽ ከንቱ ነው።