አሮጌውን የእንግሊዝ ብስክሌት ስለ ማደስ

ብስክሌት ለብዙዎቻችን ከገበያ የሚገዛ፣ ሲሰበርም የሚጣል ዕቃ ነው። እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። ባለፈው ዓመት የጥምቀት ሰሞን ግን «ቁራሌው!» እያለ የሚዞር ሰው እዚህ ቡታጅራ በበራችን ላይ ቆመና በጓሮ ከእንሰቱ ሥር ተደግፎ የነበረውን፣ ዝገት የበላውን የአያቴን ብስክሌት ለመግዛት ጠየቀ። አያቴ ጥቂት ዝም ብለው «ከእንግዲህ ለኔ ምን ያደርግልኛል፤ ይውሰደው» አሉ። ነገር ግን እጃቸውን ከመሪው ላይ አላነሡም ነበር። ይህን አይቼ «አባባ፣ እባክዎ ለኔ ይተዉልኝ» ብዬ ለመንኋቸው። ጓደኞቼ «ራሌን ከቁራሌው አዳንካት» እያሉ እስከ ዛሬ ይቀልዱብኛል።

አያቴ ድሬሰር ሳሉ በዚህ ብስክሌት መድኃኒት ይዘው ከመንደር ወደ መንደር ይሄዱ ነበር። የገዙትም በ1963 ዓ.ም. ከሌላ ሰው እጅ ነው። እኔ ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆኜ አደስሁት። ከመካከላችን አንዱ የአጎቱን ፊሊፕስ ከወልቂጤ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኖ አመጣ፤ ሁለቱም በየዘመዶቻቸው ቤት ወድቀው የነበሩ አንድ ሃምበርና አንድ ሄርኩለስ አገኙ። የተማርነውን ለአንባብያን ማካፈል መልካም ስለ መሰለኝ ይህን ጻፍሁ።

፩ኛ፤ ስለ ታሪኩ

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት የውጭ አገር ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ የምናውቀው፣ ሁለት እኩል መንኰራኵሮችና የኋላውን የሚያዞር ካቴና ያለው ብስክሌት መልክ የያዘው በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለው እንግሊዛዊ በኮቨንትሪ ከተማ በሠራው «ሮቨር» ነው። በ1888 ደግሞ በቤልፋስት የሚኖረው የከብት ሐኪም ጆን ደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ አወጣ። በዚያው ዓመት በኖቲንግሃም ከተማ ራሌ በተባለው መንገድ ላይ የተጀመረው ሥራ በፍራንክ ባውደን እጅ ኩባንያ ሆነ። ይህ ፋብሪካ እያደገ ሄዶ ብስክሌቶቹን በብዙ አገሮች ሸጧል፤ በኖቲንግሃም ብስክሌት መሥራቱን ያቆመው በ2002 ነው።

በአገራችንም ብስክሌት የቆየ ክብር አለው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ወደ ሜልቦርን ከሄዱት ስፖርተኞች መካከል እንደ ገረመው ደንቦባ ያሉ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ነበሩበት። አሮጌ ብስክሌት ማደስም የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የጥንት ብስክሌት ወዳጆች ከ1955 ጀምሮ ማኅበር አላቸው፤ በለንደንም ከ2009 ወዲህ የድሮ ልብስ ለብሰው በአንድነት የሚነዱበት በዓል ይደረጋል።

፪ኛ፤ ስለ እድሳቱ

የመጀመሪያው ሥራ ዕድሜውን ማወቅ ነው። የኛ ራሌ በኋላ መንኰራኵሩ እምብርት ውስጥ ስተርሚ አርቸር የተባለው ባለ ሦስት ማርሽ ዕቃ አለው። ቆሻሻውን በነጭ ጋዝ ስናጥበው 58 እና 4 የሚሉ ቁጥሮች ተገኙ፤ ይኸውም እምብርቱ የተሠራው በ1958 በአራተኛው ወር፣ በእኛ መጋቢት ወይም ሚያዝያ 1950 ዓ.ም. መሆኑን ያስረዳል። በውስጡ አንዲት ጥርሳም መንኰራኵር በመካከል ትቆማለች፤ አራት ትናንሾች ይዞሯታል። አንደኛው ማርሽ ፍጥነቱን በሩብ ዝቅ ሲያደርገው ሦስተኛው በሲሶ ከፍ ያደርገዋል። ይህ ክፍል የሚወደው ቀጭን ዘይት ስለ ሆነ ግራሶ አይሞላበትም።

ሁለተኛው ሥራ መፍታት ነው። የፔዳሉን ክንድ ከዘንጉ ጋር የያዘው ትንሽ ሽብልቅ ዘይት ጠጥቶ ካላደረ አይወጣም። ሲመታም ዳዶው ጫፉ ላይ መቅረት አለበት፤ አለዚያ ጥርሱ ይጠፋል። ብሎኖቹም ከሌላ ብስክሌት ጋር ላይስማሙ ይችላሉ። ራሌ በመካከለኛው ዘንግ ቤት ላይ በአንድ ኢንች 26 ጥርስ ሲያወጣ ብዙዎቹ ሌሎች ግን 24 ያወጡ ነበር። ስለዚህ አልገባ ያለውን በግድ ማስገባት ቤቱን ማበላሸት ነው።

ሦስተኛው ማጽዳት ነው፤ እኔ የተሳሳትሁትም በዚህ ላይ ነው። ቶሎ እንዲያምርልኝ ብዬ የኋላውን መከላከያ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ለካስ ከጭቃው ሥር ቀጭን የወርቅ ቀለም መስመር ኖሯል! አያቴ መጥተው በጣታቸው ዳሰሱና «እዚህ ላይ መስመር ነበረችው» አሉ እንጂ አልተቈጡኝም። ቢቈጡኝ በተሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቀረውን በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ነጭ ጋዝ ብቻ አጸዳን፤ ከፊት ያለው የወፍ ራስ ምልክትም ሳይጠፋ ወጣ። ማደስ ማለት አዲስ ማስመሰል አለመሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ።

፫ኛ፤ ስለ አነዳዱ

አራቱ ብስክሌቶች ከተጠናቀቁ በኋላ በስልጤ ምድር ወደሚገኘው ሐረ ሸይጣን ወደ ተባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ሄድን። የሄድንበት መንገድ ከዓለም ገና ተነሥቶ በከተማችን አልፎ ሶዶ የሚደርሰው ነው፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሕዝቡ ከገዛ ኪሱ እያዋጣ ለሥራው ተባብሮበታል። ስንሄድ ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ስንመለስ ግን ዝናብ ያዘን። በአንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብይዝ ብስክሌቱ እንዳልያዝሁት ሁሉ ወረደ። የዳንኩት ከመንገድ ወጥቼ ለስላሳ እርሻ ውስጥ በመውደቄ ነው።

ምክንያቱን የፊዚክስ ትምህርታችን ያስረዳል። የእነዚህ ብስክሌቶች ፍሬን በብረት ዘንግ ተስቦ ላስቲኩን ከቸርኬው ጋር ያጣብቃል። ቸርኬው ለስላሳ ብረት ስለ ሆነ ውሃ ሲነካው ሰበቃው እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ በዝናብ ጊዜ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍሬኑን በቀስታ ደጋግሞ በመንካት ውሃውን መጥረግ፣ ሁለቱንም ፍሬን በአንድነት መያዝ፣ ከሁሉም በላይ ቀስ ብሎ መንዳት ያስፈልጋል። ይህን ለአያቴ ስነግራቸው ሳቁና «እኔማ በክረምት ቁልቁለቱን ወርጄ በእግሬ ነበር የምገፋው» አሉ። አስቀድሜ ብጠይቃቸው ኖሮ ጉልበቴ ባልተላጠም ነበር።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በየጓሯችሁ የወደቀ አሮጌ ዕቃ ቢኖር ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት የነዳውን ሰው ጠይቁ። ዕቃው ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ ባለዕቃው የሚያውቀው ግን በገበያ አይገኝም። ባለፈው እሑድ አያቴ በብስክሌቱ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ኮርቻውን ይዤ፣ ጓደኞቼ በግራና በቀኝ ሆነው፣ ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ ወሰድናቸው። ሲወርዱ ምንም አላሉም፤ ደወሉን ብቻ አንድ ጊዜ መቱት።