ሥራ ስንለቅ ወሰናችንን ማስታወቅ

ለንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 20፥17-38፤ 1ኛ ሳሙኤል 12፥1-25

በኤፌሶን ሦስት ዓመት ያገለገለው ሐዋርያው ጳውሎስ፣ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ሲቸኩል ወደ ከተማዋ አልገባም። በሚሊጢን ሆኖ ሽማግሌዎቹን አስጠራ። ዳግመኛ ፊቱን እንደማያዩ በግልጥ ነገራቸው፤ የማንንም ገንዘብ እንዳልተመኘ አስታወሳቸው፤ መንጋውንም እንዲጠብቁ አደራ ሰጣቸው። አልቅሰው ሳሙት፤ እስከ መርከቡም ሸኙት። ፍቅሩ አልቀዘቀዘም፤ ኃላፊነቱ ግን ወደ እነርሱ አለፈ።

በዕርዳታና በልማት ሥራ ላይ ለምንገኝ ይህ ይከብደናል። በአንድ ወረዳ ለዓመታት የሠራ ሰው ሥራ ሲለቅ ደመወዙ ይቆማል እንጂ በሩን የሚያንኳኳው አይቆምም። ስማቸው ከእህል ዝርዝር የወጣባቸው እናት አዲሱን ሠራተኛ ትተው ወደ ለመዱት ሰው ቤት ይመጣሉ። እኛም ይሉኝታ ይይዘንና «ግድ የለም፣ እኔ እነግርልዎታለሁ» እንላለን። ነገሩ ደግነት ይመስላል። ነገር ግን እኚህ እናት ሥልጣን በሌለው ሰው ቃል ተማምነው አቤቱታቸውን በጊዜው ሳያቀርቡ ይቀራሉ፤ የዚያ ወር እህልም ያመልጣቸዋል። አዲሱ ሠራተኛ ደግሞ ምንም ሳያውቅ በሕዝቡ ዘንድ ይናቃል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ መልቀቅ የሚፈልግ ሠራተኛ 30 ቀን አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። (የየድርጅቱንም ውል ማንበብ ይገባል።) ይህ ጊዜ ለመሰናበቻ ግብዣ ብቻ አይዋል። የመጋዘን ቁልፍ፣ ማኅተም፣ የተረጂዎች መዝገብና ያልተወራረደ ሒሳብ በፊርማ ይተላለፉ። በግል ስልካችን የያዝነው የተረጂዎች ስም ካለ አስረክበን እናጥፋው። ሳሙኤል የማንን በሬ፣ የማንን አህያ እንደ ወሰደ ይመሰክሩበት ዘንድ ሕዝቡን የጠየቀው ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። እኛም ከሄድን በኋላ ከምንታማ እዚያው ሳለን ብንጠየቅ ይሻለናል።

ስልኩስ? «እስከዚህ ቀን ድረስ ስለ ርክክቡ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ተተኪዬን ጠይቁ» ብለን ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ እንስጥ። የለቀቀውን ሰው «ለጌታ ሥራ ብለህ» እያሉ ያለ ደመወዝ ሪፖርት የሚያስጽፉ ኃላፊዎችም ቢያስቡበት መልካም ነው።

በቤተ ክርስቲያን ደጅ «ለምን ለቀቅህ?» ለሚለን ሁሉ ዝርዝር መስጠት ግዴታችን አይደለም። በደል ወይም ስርቆት ካየን ግን ዝም አንልም፤ ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ እናቀርባለን እንጂ በየቡናው ላይ አንዘራውም።

ሳሙኤል ለሕዝቡ መጸለዩን እንደማይተው ተናግሯል። መጠየቅ፣ መጸለይ፣ አብሮ መብላት ለእኛም ይቀሩልናል። እኚያ እናት ሲመጡ፦ «እማማ፣ ይግቡ፣ ቡና እንጠጣ። የእህሉን ነገር ግን አሁን የምወስነው እኔ አይደለሁም። ነገ ጠዋት እስከ ቢሮው አደርስዎታለሁ፤ አቤቱታዎን እርስዎ ራስዎ ለአዲሱ ልጅ ይንገሩት» እንበላቸው።