ከሐኪም ቤት ወደ አገር ስለ መመለስ

12 ዓመት የሆናት አንዲት ልጅ ነበረች። አገሯም በጎጃም፥ ከደብረ ማርቆስ ወዲህ፥ በመኪና መንገድ ዳር ያለች መንደር ነበረች። ይህች ልጅ አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን አሟት ነበር፤ ሕመሙም በጥቂት ቀን ስለ ተዋት ማንም ከቁም ነገር አልቈጠረውም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጕልበቷና ቍርጭምጭሚቷ በየተራ አበጠ፤ እርሱም ተዋት። ከዚያ ወዲህ ግን ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ውሃ ቀድታ መመለስ ተሳናት፤ ትምህርቷንም አቋረጠች።

የጉሮሮ ሕመም ልብን እንዴት ይጎዳል? በልባችን ውስጥ ደም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ። አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም በዓይን ከማይታይ ተዋሲ ይመጣል። ሰውነትም ይህን ጠላት ሲዋጋ አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልቡን በሮች ያቈስላል። የልጅቱም ልብ የተጎዳው በዚህ ምክንያት ነበረ። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሐኪሞች ደረቷን ከፍተው የልቧን በር ጠገኑላት።

ከሐኪም ቤት የምትወጣበት ቀን በደረሰ ጊዜ ነርሷ ለእናትዋ ትንሽ ትራስና አንድ ወረቀት ሰጠቻት። «ስታስል ትራሱን በደረቷ ላይ አቅፋ ትያዝ፤ ሕመሙን ያቀልላታል። ወረቀቱንም አስነብባችሁ የተጻፈውን ፈጽሙ» አለቻት።

አጎቷ መኪና ነበረውና ሊወስዳቸው መጣ። ልጅቱን ከኋላ አስቀምጠው በመቀመጫው ቀበቶና በደረቷ መካከል ትራሱን አደረጉላት። አባትዋ ሳይመሽ ለመድረስ ቸኵሎ፥ «ፈጠን በል እንጂ» ቢለው፥ አጎትዋ፥ «ቤታችን የትም አይሄድም፤ ይህች ልጅ ግን መኪናው በዘለለ ቍጥር ያማታል» ብሎ በዝግታ ነዳ። እንጦጦን ወጥተው የሱሉልታን ሜዳ አለፉ። በየጊዜውም እየቆሙ ጥቂት በእግሯ ያስሄዷት ነበር፤ ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላልና።

ከጎሐ ጽዮን በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ቍልቍለቱም ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ከላይ ብርድ ነበረ፤ ከታች ግን ሙቀቱ ፊትን ያቃጥል ነበር። በአንድ መታጠፊያ ላይ ልጅቱን ሳል ያዛት፤ ትራሱንም አጥብቃ አቀፈች፤ እንባዋም ወረደ። እናትዋም፥ «አይዞሽ ልጄ» እያለች እጇን ያዘቻት። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ትንፋሽ አጥሯት ዓይኗን ጨፍና ስለ ነበረ ወንዙን አላየችውም ነበር። አሁን ግን ድልድዩ ላይ በደረሱ ጊዜ በመስኮት ተመልክታ፥ «እማዬ፥ ዓባይ ይህ ነውን?» አለች።

ዳገቱን ወጥተው ደጀን በደረሱ ጊዜ አጎትዋ ቤንዚን ሊቀዳ ሄደ፤ እነርሱም ምሳ ሊበሉ ተቀመጡ። አባትዋም የልጁን ፊት አይቶ እጅግ ደስ አለው፤ እንዲህም አለ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ልጃችን ድናለች። እንግዲህ በየጊዜው ለመርፌ ወደ ከተማ መመላለስ ምን ያደርጋል? ጤና ጣቢያው በእግር ሁለት ሰዓት ነው፤ የዘርም ጊዜ ደርሷል።» እናትዋ ግን፥ «ወረቀቱ የሚለውን ሳንሰማ እንዴት እንቈርጣለን?» አለችው።

አባትና እናትዋ ማንበብ አያውቁም ነበር። ልጅቱ ወረቀቱን ተቀበለች። ከትምህርት ብዙ ጊዜ ርቃ ነበርና ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየች እንዲህ ስትል አነበበች፤

«የደረት አጥንት እስኪገጥም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ እንስራ አትሸከም፤ ከባድ ነገርም አታንሣ። የፔኒሲሊን መርፌ በየ4 ሳምንቱ ትወጋ። ደኅና ነኝ ብላ ብትተወው የጉሮሮው ሕመም ተመልሶ የተጠገነውን በር እንደ ገና ሊያበላሽ ይችላል። ትኵሳት ቢይዛት፥ ቍስሉ ቢቀላ ወይም መግል ቢይዝ ሳትቈዩ ወደ ሐኪም አምጧት።»

አባትዋ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፥ «እርሻ ቢዘገይ በደቦ ይደርሳል፤ የልጅ ልብ ግን በደቦ አይጠገንም። በየ4 ሳምንቱ እኔው ራሴ አደርስሻለሁ» አላት።

በመሸ ጊዜ ከቤታቸው ደረሱ። ጎረቤቶችም፥ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» እያሉ ተሰበሰቡ። ታናሽ ወንድሟ ሮጦ መጥቶ እንድታዝለው ቢለምናት እጅግ ናፍቃው ነበር። ነገር ግን ያነበበችውን ዐስባ አላነሣችውም፤ ከአጠገቧ አስቀምጣ ራሱን ዳሰሰችው። በማግሥቱም በግድግዳው ላይ በከሰል አንድ መስመር ጻፈች፤ 28 መስመር በሞላ ጊዜ አባትዋ በትሩን አንሥቶ፥ «ተነሺ፥ እንሂድ» አላት።

ሕመም የተወው ሰው ሁሉ ፈጽሞ የዳነ አይደለም። ሐኪም የጀመረውን ሥራ የሚፈጽመው በሽተኛውና ቤተ ሰቡ ነው። ጉሮሮውን የታመመ ልጅም ፈጥኖ ለወላጆቹ ይንገር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

ጥያቄ።
1. የልጅቱ ልብ በምን ምክንያት ተጎዳ?
2. ትራሱ ለምን ጠቀማት?
3. አባትዋ ዐሳቡን የለወጠው ስለ ምን ነው?